ከሁለተኛ ወደ አንደኛ የወረዱት

ለስፔን እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሚገባውን ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሌላው ዓለም ክለብ ለማሳደግ ሜዳ ይደለድላል፣ ታዳጊ ያሠለጥናል፣ ገንዘብ ይከሰክሳል። ስፔን ይህን ሁሉ ድካም በስብሰባ ተገላገለችው። ክለቡን ማሳደግ ከከበደ ስሙን ማሳደግ ነው። ለዚህ ኳስም ዳኛም አያስፈልግም፤ ማኅተም ካለ ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላሊጋው ቀጥሎ «ሴጉንዳ»፣ ማለትም ሁለተኛው ዲቪዚዮን አለ። እስከዚህ ድረስ ሕፃንም ቆጥሮ ይደርስበታል። ከእርሱ በታች ያለው ሦስተኛው እርከን እስከ 2021 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) «ሴጉንዳ ቤ» ይባል ነበር፤ በእኛ ሲመለስ «ሁለተኛ ለ»፣ ልክ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል። ሦስተኛ መባል ያሳፍራልና «ሁለተኛ» ብሎ አንዲት ፊደል ከኋላ ማስከተል የጨዋ ሰው መላ ነው። በ2021 ግን ፌዴሬሽኑ ትሕትናው በዛ አለና ሦስተኛውን እርከን «አንደኛ» ብሎ ሰየመው። አራተኛው «ሁለተኛ»፣ አምስተኛው «ሦስተኛ» ሆነ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? መልአኩ ሒሳብ ላይ ትንሽ ደከም ያለ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሜተኞች ይህን ሁሉ የያኔው ፕሬዚዳንት የሉዊስ ሩቢያሌስ ፈጠራ ያደርጉታል። ያለ ስሙ ስም መስጠት ነው፤ ሰውየው የወረሰውን ጠበቀ እንጂ ምን አዲስ ነገር አመጣ? «ቴርሴራ»፣ ማለትም «ሦስተኛ» የሚባለው ውድድር በ1929 ሲጀመር እውነትም ሦስተኛ ነበር። በ1977 «ሁለተኛ ለ» መጥታ ከራሱ ላይ ስትቀመጥ አራተኛ ሆነ፤ ስሙን ግን ማን ነክቶት! በ2021 አምስተኛ ሆነ፤ አሁንም «ሦስተኛ» ነው። ሁለት ፎቅ ወርዶ የበሩን ቁጥር ይዞ የሄደ ተከራይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የሁለተኛው ዲቪዚዮን ስም ደግሞ ለባንክ ተሸጦ ከ2016 እስከ 2019 «ላሊጋ አንድ ሁለት ሦስት» ተብሎ ነበር። እርሱስ ደግ ነው፤ ማንንም ቅር አያሰኝም፣ ሁሉም የሚፈልገውን ቁጥር መርጦ ያነባል።

ግርማው ሁሉ የታየው በ2020/21 ነው። «ሁለተኛ ለ» በመጨረሻ ዓመቷ 102 ክለቦችን አሰልፋ አምስት ምድብ አደረገቻቸው፤ እያንዳንዱን ምድብ ደግሞ ለሁለት ከፈለችው። ከየንዑስ ምድቡ እስከ ሦስተኛ የወጡት በእውነት ለማደግ ይጫወታሉ። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት «አንደኛ» ለመባል ይጫወታሉ። የተቀሩት «ሁለተኛ» ተብለው አራተኛ እርከን ላይ ለመቆየት ይፋለማሉ። በዚያው ዓመት ከቴርሴራ ወደ «ሁለተኛ» ያደጉ ክለቦች ነበሩ፤ ከአራተኛው እርከን ተነሥተው አራተኛው እርከን ላይ አረፉ። ሳባዴል፣ ሎግሮኜስ፣ ካስቴዮንና አልባሴቴ ደግሞ ከላይ ተንሸራተቱ፤ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ወረዱ። እንዲህ ያለ ውድቀት ለሁላችንም ይስጠን።

የዚህ በረከት ዋና ተቋዳሽ ዲፖርቲቮ ላኮሩኛ ነው። በ2000 ላሊጋውን ያነሣ፣ በ2004 ሚላንን በሻምፒዮንስ ሊግ 4 ለ 0 አሸንፎ ያሰናበተ ክለብ በ2020 ወደ «ሁለተኛ ለ» ወረደ። እዚያም ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ መግባት አቃተው። ቢሆንም ፌዴሬሽኑ የወደቀ አይጥልም፤ ሳያድግ «አንደኛ» ተባለ። በጁን 2022 በገዛ ሜዳው በሪያዞር ከአልባሴቴ ጋር ለማደግ ተጫውቶ በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተረታ። አልባሴቴዎች «ሁለተኛ» ሆንን ብለው ሲፈነድቁ፣ ዲፖርቲቮዎች «አንደኛ» ሆነው በመቅረታቸው አንገታቸውን ደፉ።

ሁሉም ሰው ግን ውለታ አይገባውም። የአርሰናል ደጋፊዎች የሚያስታውሱት ሉካስ ፔሬዝ በጃንዋሪ 2023 በላሊጋው ለካዲዝ ይጫወት ነበር። ዝውውሩ እንዲሳካ ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ፣ ሁለት እርከን ቁልቁል ወርዶ ዲፖርቲቮን ተቀላቀለ። ላሊጋውም «ፕሪሜራ»፣ ማለትም «አንደኛ»፣ የሄደበትም «ፕሪሜራ»። ስሙ ያው ከሆነ ይህን ሁሉ ገንዘብ ምን አስከሰከሰው? የተወለድሁባት ከተማ፣ ልጅ ሳለሁ የደገፍሁት ክለብ ነው የሚል ሰው ፌዴሬሽኑ በማኅተም ሊያስተካክለው የማይችል ችግር አለበት ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ከጥበቡ ሩቅ አይደለንም። ከፕሪሚየር ሊጋችን ቀጥሎ ያለው «ከፍተኛ ሊግ» ነው፤ ከከፍተኛው በታች «አንደኛ ሊግ» አለ። ዝቅ ያለ ስም ያለው ሊግ ፈልጌ አጣሁ፤ ተመስገን ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምላቸው አንድ የኳስ ወዳጅ አሉ። ከእነ ጃልሚኛና ሮይ ማካይ ዘመን ጀምሮ ላኮሩኛን ይወድዳሉ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ወሬውን የሚሰሙት ከእኔ ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ፦

«ላኮሩኛ የት ገባ?»

«ሁለተኛ ለ ወርዶ ነበር፤ አሁን አንደኛ ሆኗል ጋሼ።»

«እሰይ! ዋንጫ በላ?»

«የለም፣ ማደግ አቅቶት ነው።»

ስኒያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። ታምሜ እንደሆነ ለማጣራት ይመስለኛል።

በሜይ 2024 ሉካስ ፔሬዝ በቅጣት ምት የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን 1 ለ 0 አሸንፎ ዲፖርቲቮን ሲያሳድግ፣ የሪያዞርን ትዕይንት በስልኬ አሳየኋቸው። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩ።

«ምን አግኝተው ነው?»

«ሁለተኛ ሆኑ ጋሼ።»

«ከስንተኛ?»

«ከአንደኛ።»

ስልኩን መለሱልኝ። «እኔ በተማርሁበት ዘመን» አሉ፣ «ከአንደኛ ሁለተኛ የሆነ ልጅ አባቱ ገርፎት ነበር የሚያድረው።»