ደብዳቤ ብቻ አይበቃም
በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሲቪል ማኅበራት በኢንተርኔት ፖሊሲ ላይ ይደመጡ ማለቱ ልክ ነው። እኔ ግን ከደብዳቤና ከስብሰባ አልፈው ፍርድ ቤትም ይሂዱ እላለሁ። ቶጎን እዩ። በ2017 እ.ኤ.አ. በተቃውሞው ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋባቸው የአገሪቱ ማኅበራት ጉዳዩን ወደ ምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. (2020 እ.ኤ.አ.) ላይም ድርጊቱ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት መጣስ ነው ተብሎ ተፈረደላቸው። እኛ ጋ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ጅዳ ያለችው እህቴ የምትደውለው በኢሞ ነበር። እማዬ ስልኩን ትራስ ሥር አድርጋ እያደረች፣ ሌሊት እየነቃች «ተለቀቀ እንዴ?» ትለኝ ነበር። በየትኛው ሕግ እንደተዘጋ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ የነገረን የለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 በመብት ሥራ ላይ የነበረውን የውጭ ገንዘብ ገደብ አንስቷል፤ ስለዚህ ማኅበራቱ ይህን የእማዬን ጥያቄ ይዘው ዳኛ ፊት ይቁሙልን።