ሁለት ሳጥን ለአንድ ኳስ

ድሬዳዋን የጎበኘ ጸሐፊ ሁሉ ባቡር ጣቢያውን ያወሳል፣ የከዚራ ሰፈርን የዛፍ ጥላ ያሞግሳል፣ ስለ ነዋሪው የዋህነት ሁለት መስመር ጽፎ ይሄዳል። ሁለት የጌም ማሽን ገዝተው በአንድ ቴሌቪዥን ሥር ጎን ለጎን ያስቀመጡ ጀግኖቻችን ግን እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ቃል አልተጻፈላቸውም። ግፍ ነው፤ እኔ የበኩሌን ልወጣ።

በቅደም ተከተል እንሂድ ከተባለ መጀመሪያ የሚመሰገኑት የአንድ ማሽን አርበኞች ናቸው። ቀትር ላይ ሱቆች ተዘግተው፣ ከተማው ሙቀቱ እስኪበርድ ሲጋደም እነርሱ አይጋደሙም። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ግማሹ ፕሌይስቴሽንን ለሚሠራው ለጃፓኑ ሶኒ፣ ግማሹ ኤክስቦክስን ለሚሠራው ለማይክሮሶፍት ጥብቅና ይቆማል። የቤት ኪራይ የተጠራቀመበት ወጣት ሶኒ ዘንድሮ ስንት ማሽን እንደሸጠ ሲናገር ድምፁ ላይ ያለው ኩራት ልብ ይነካል። ባለአክሲዮን አይደለም፤ ቶኪዮም ዘመድ የለውም። የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት በአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያን አላስገባትም፤ አርበኛው ሲመዘገብ «አሜሪካ» የሚለውን መርጦ ነው የሚገባው። አገሩን ለማያውቅለት ኩባንያ አገሩን ቀይሮ የሚሟገት ሰው ከየት ይገኛል?

አንዳንድ ምቀኞች ሁለቱ ማሽኖች ልዩነታቸው ጥቂት ነው ይላሉ። ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሁለት ቀን ልዩነት ገበያ ወጡ፤ አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም 499 ዶላር ተተመነባቸው፤ የሁለቱንም አንጎል የነደፈው ኤኤምዲ የሚባል አንድ ኩባንያ ነው። እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ፊት መናገር ነውር ነው። በአንድ አባት ልጆች መካከል የሚደረግ ጠብ እንዴት እንደሚጥም የማያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያወራው።

አሁን ወደ ዋናው ጀግና እንምጣ። ሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው ፕሌይስቴሽኑን እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ገዛ። በሳምንቱ እንቅልፍ አጣ፤ ኤክስቦክስ ላይ ምን እያለፈው እንደሆነ ማን ያውቃል? ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ተለመነ፣ ኤክስቦክሱም ገባ። ታዲያ ምን ይጫወትበታል? ኳስ። በፕሌይስቴሽኑስ? ኳስ። ያው ኳስ፣ ያው ቡድኖች፣ ለሁለቱም ማሽኖች ጨዋታውን የሚሠራው ያው አሜሪካዊ ድርጅት። (ፊፋ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2023 ከጨዋታው ላይ ተነሥቷል፤ ድሬዳዋ ግን ዛሬም «ፊፋ እንጫወት» ነው የምትለው፤ ደግሞም ትክክል ናት።) ጨዋታውን ሁለት ጊዜ መግዛቱን እንደ ብክነት የሚያዩ አሉ። አልገባቸውም። ሰውየው በፕሌይስቴሽን ሲሸነፍ ጥፋቱ የእርሱ ይሁን የማሽኑ በምን ይለያል? ወደ ኤክስቦክሱ ተሻግሮ እዚያም ይሸነፋል፤ ነገሩም ይጣራል። ይህ ቤተ ሙከራ ነው፣ ሳይንስ ነው፤ ገንዘብ ይፈጃል።

የድሬ ሙቀት ለእንዲህ ዓይነት ምርምር አይመችም። ማሽን ሲግል ምን እንደሚሆን ዓለም ያውቃል፤ ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀይ መብራት እያበሩ ለሚሞቱት ኤክስቦክስ 360ዎች ማስጠገኛ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ነበር። ስለዚህ በጀግናው ቤት ያለችው አንዲት ቬንትሌተር ፊቷን ወደ ሁለቱ ሳጥኖች አዙራ ትውላለች። አያቱ ጥግ ላይ በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ።

«የኔ ልጅ፣ ትንሽ ወደዚህ አዙርልኝ» ይላሉ።

«አያዬ፣ ከጋለ ይሞታል እኮ።»

«ማነው የሚሞተው?» ብለው ደንግጠው ይነሣሉ። ይህችን ቬንትሌተር የገዙት እርሳቸው መሆናቸውን ማንሣት አሁን ቦታው አይደለም።

በዚያው ሰፈር አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። የጆይስቲኩ ጎማ አልቋል፣ አንዱ ቁልፍ ካልደበደቡት አይሠራም፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ሕጻናቱ እየጮኹ ሲስቁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ምስኪኖች! የትኛው ማሽን እንደሚበልጥ የመጨነቅ ዕድል አላገኙም።

ለጀግናው ክፉ ቀን የመጣው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ነው። ማይክሮሶፍት ፎርዛ ሆራይዘን 5 የተባለውን የመኪና ውድድሩን አውጥቶ ፕሌይስቴሽን ላይ አስቀመጠው። ኤክስቦክሱ የተገዛው «ፎርዛ ሌላ ቦታ አይገኝም» ተብሎ ነበር፤ ሰውየው እስከዚያ ቀን ድረስ ፎርዛን ከፍቶት አያውቅም፣ ቢሆንም ክህደቱ አንገበገበው። ተራ ሰው ቢሆን አንዱን ማሽን ይሸጥ ነበር። እርሱ ግን ሁለቱ ሳጥኖች በጠብ እንዳይቀሩ ሽማግሌ ሊያስገባ ወሰነ፤ ሦስተኛውን የጌም ማሽን ሠሪ፣ ኒንቴንዶን።

ምርጫው የሚደነቅ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የካርታ መጫወቻ እየሠራ የተቋቋመ ስለሆነ በዕድሜ የሚቀድመው የለም። በዚህ ጠብ ውስጥ እጁ ያለበት መሆኑም ለሽምግልና አያንሰውም። ከሶኒ ጋር በሲዲ የሚሠራ ማሽን ሊያወጣ ቃል ተግባብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ነገሩን በአደባባይ ባወጀ ማግስት ኒንቴንዶ ከፊሊፕስ ጋር መስማማቱን አስታወቀ። ሶኒ ተበሳጭቶ የራሱን ማሽን ሠራ፤ ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ተወለደ። ሽማግሌ ስንል እንግዲህ ቃሉን ያፈረሰውን ማለታችን ነው።

ስዊች የተባለው የኒንቴንዶ ማሽን መብራት ሲጠፋ በእጅ ተይዞ ይሠራል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ብቻውን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነበር። ጀግናው ግን ሽማግሌ ከወንበር ላይ ካልተቀመጠ አይሆንም ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ሊሰካው ፈለገ። ቴሌቪዥኑ ያለው ሁለት መሰኪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ታይዋን ገበያ ሳገኘው ባለ አራት መሰኪያ ቴሌቪዥን ዋጋ እየጠየቀ ነበር። አራተኛው ለምን እንደሆነ ልጠይቀው አልደፈርኩም።