እርማት፦ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ባዶ መሬት አይደለም

«ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ አሸዋው ላይ ዛፍ ተክለን ፓርክ ብናደርገው ጎርፉንም ያግድልናል» የሚለው አስተያየት ከቅን ልብ የመጣ ነው። ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም ነፍስ ያስከፍላል።

ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ውሃው የሚመጣው ከደንገጎ በኩል ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

ወንዙ ሆድ ውስጥ የተተከለ ችግኝ ሥሩ የያዘው ልቅ አሸዋ ስለሆነ ተነቅሎ ይሄድና ድልድይ ሥር ይወተፋል። የሽቦ አጥር ደግሞ ይብሳል፦ ቅርንጫፉ፣ የማሽላ አገዳው፣ ፌስታሉ ተራ በተራ ይለጠፍበትና አጥሩ ራሱ ግድብ ይሆናል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰፈር ይዞራል።

ስለዚህ ፓርኩም የእግር መንገዱም ከጎርፍ መከላከያ ግንቡ ውጭ፣ ከፍ ባለው ዳርቻ ይሁን። ዛፍ ጎርፍ የሚቀንሰው ላይኛው ተፋሰስ ላይ፣ ማለትም ውሃው በሚመነጭበት ደጋ፣ ከእርከን ጋር ሲተከል ነው።

ለዳርቻው የኒም ዛፍ ይስማማል። ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ዙሪያውን ውሃ የሚያቁር ክብ ይበጅለት። በየቀኑ አንድ ጣሳ ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ በሳምንት ሁለቴ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሻላል። ከግንቡም ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፣ ሥሩ እንዳይሰነጥቀው።