«ተማሪው ራሱ የሚሠራ ከሆነማ እርስዎ የሚከፈልዎት ለምንድን ነው?»

ስብሰባው ካለቀ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ደሜ እንደፈላ ነው። በኦንላይን የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ ኮርስ ንድፍ እያቀረብኩ ሳለ ሰብሳቢው ከመሀል አቋርጠው፣ «ቪዲዮዎቹስ የት አሉ?» አሉ። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ እውነተኛ ችግር ይዘው እንደሚሠሩ፣ አጫጭር ትምህርቶቹም ሥራው ሲፈልጋቸው እንደሚገቡ አስረዳሁ። ሰምተው ሲያበቁ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ «ተማሪው ራሱ የሚሠራ ከሆነማ እርስዎ የሚከፈልዎት ለምንድን ነው?» አሉኝ። ካሜራቸውን ከፍተው ከነበሩት ሁለቱ ሳቁ፤ የቀሩት አቀረቀሩ።

ለምን እንደሚከፈለኝ ልንገራቸው። 40 ተማሪዎች ሦስት ሦስት ረቂቅ ቢያስገቡና ለአንዱ ረቂቅ 20 ደቂቃ ብቻ ብሰጥ፣ ግብረ መልሱ ብቻውን 40 ሰዓት ይፈጃል። ይህ ድካም በኮርስ ቅጹ ላይ አንዲት መስመር እንኳ የለውም። ቅጹ የሚጠይቀው የቪዲዮውን ርዝመት፣ የስላይዱን ብዛትና የምርጫ ጥያቄዎቹን ቁጥር ነው፤ ፕሮጀክቱ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ላይ ተለጥፎ «30 በመቶ» ተብሎ ተቀምጧል። ችግሩን በቅጡ ሳይለይ፣ መረጃ የሚሰጠውን ድርጅት ፈቃድ ሳያገኝ፣ የመጀመሪያ ሙከራው ከሽፎበት መልሶ ሳያርመው ተማሪው በአንድ ሳምንት የሚያስረክበው ነገር በምን መልኩ ፕሮጀክት ይባላል?

ተማሪው እየሠራ እንዲማር ማድረግን እኔ አልፈጠርኩትም። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ችግርን መነሻ አድርጎ አስተምሯል፤ በ1974 የተቋቋመው የዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን በፕሮጀክት ላይ መሥርቷል። ይህን ስናገር «እሱ በአካል ነው፤ በኦንላይን ተማሪው ራሱን ይችላል» ተባልኩ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በክፍል ውስጥ ግራ የተጋባን ተማሪ ከፊቱ አይቼ እደርስለታለሁ፤ ቀን ሥራ ውሎ በሌላ የሰዓት ክልል ሌሊት የሚማረው ሰው ግን ዝም ሲል ማንም አያውቅበትም።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ እኩለ ሌሊት ላይ፣ «የቡድኔ አባላት ከጠፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው፤ ብቻዬን ጨርሼ በሁላችንም ስም ላስገባው?» ብላ ጻፈችልኝ። ሲስተሙን ስከፍት አራቱም «ንቁ ተሳታፊ» ተብለዋል፤ ገጹን መክፈታቸው ብቻ ይበቃ ኖሯል። እያንዳንዱ የሠራውን በየሳምንቱ እንዲመዘግብና በመጨረሻም በቃል እንዲያስረዳ ይደረግ ብዬ ጠየቅኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ፤ አራቱም እኩል ውጤት አገኙ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራ ነው፤ ማንበቡም፣ መሞከሩም፣ ከቡድን ጋር መከራከሩም ይቆጠራል። የእኛዎቹ የሚቆጥሩት ግን መምህሩ በቪዲዮ የተናገረበትን ደቂቃ ብቻ ነው።

ቃለ ጉባኤው አሁን ደረሰኝ፦ «ንድፉ ይዘት ስለሚጎድለው ተሻሽሎ ሰኞ ይቅረብ» ይላል። መከራከሩ ሰልችቶኛል። ሰኞ ቅጹን ሞልቼ እመልሳለሁ፤ የሦስቱን ረቂቆች የማስረከቢያ ቀን ግን «ቪዲዮ» በሚለው ቦታ ላይ እጽፈዋለሁ፤ መሰረዝ ከፈለጉ ራሳቸው ይሰርዙት።