መያዙ አንድ ነገር፣ ማሳደጉ ሌላ

ስለ ካንሰር ያወጣችሁት ጽሑፍ የካንሰር ሴልን ከደም ለቅሞ ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግን ቀላል አስመስሎታል። ኧረ አይደለም! በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ቀይ ሴሉ በቢሊዮን፣ ነጩ በሚሊዮን ሲቆጠር ከዕጢው ተላቆ በደም የሚዞረው የካንሰር ሴል ብዙ ጊዜ 10 እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሴልሰርች የተባለ የደም መመርመሪያ እነዚህን ሴሎች በማግኔት ለቅሞ ይቆጥራል እንጂ ሴሎቹን በሕይወት አያስቀርም፣ ስለዚህ ለማሳደግ አይሆኑም። በ2014 የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከ36 የጡት ካንሰር ታማሚዎች የ6ቱን ሴሎች ብቻ ነው ማሳደግ የቻሉት። ያም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ለታማሚዋ ከመሰጠቱ በፊት በራሷ ሴል ላይ ሊሞከር ይችላላ! እኛ ሐዋሳ ያለን ሰዎች ግን አሁን የቸገረን የባዮፕሲ (ከሰውነት ተወስዶ የሚመረመር ናሙና) ውጤት መዘግየት ነው፣ አክስቴ ስትጠብቅ የተጨነቀችውን እኔ ነኝ የማውቀው። አዘጋጆች፣ እባካችሁ ስለዚህም ጻፉልን።