ይድረስ ለክቡር የተገመጠ ፖም

ጉዳዩ፦ ከፎቶ ስለመቅረቴ
ሀዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ቁጥር፦ የለውም፤ መዝገብ ቤቷ ሻይ ወጥታለች

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባትሪዬ አሁን 83 ነው፤ የሰካሁት ትናንት ማታ ነው። የእርስዎን ወሬ ግን ሰምቻለሁ። «ባትሪ ኸልዝ» የሚሉት የባትሪዎ ጤንነት 76 ገባ አሉ። እግዜር ይማርዎ።

የምጽፈው ካሊፎርኒያ ላሉት ባለቤቶችዎ አይደለም። እነሱ አያውቁኝም፣ አልበደሉኝምም። የምጽፈው ለእርስዎ ነው፤ ለሀዋሳው ነዋሪ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አይፎን ጀርባ ላይ ተቀምጠው ሰውን ከላይ እስከ ታች ለሚገላምጡት።

ቅዳሜ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ነበርን። ጋሼ ጡረታ ወጥተው ሽኝት አድርገንላቸው ነው። አሳ ጥብስ በዳጣ፣ አንዳንድ ሾርባ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፍርፋሪ የሚጠብቁ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች። ስምንት ሰው ነበርን። ስድስቱ የእርስዎ ወገን ናቸው። ሁለቱ ውጭ ባለ አጎት፣ አንዷ በዕቁብ፣ ሌሎቹ እንዴት እንዳገኙት እግዜር ይወቀው። ጋሼ ባለ በተን ስልክ ነው የሚይዙት። እኔ ደግሞ ቴክኖ።

ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ልትወርድ ስትል ሁሉም ተነሳ። እኔም የዋህ ነኝ፣ ስልኬን አወጣሁ።

«ኧረ በናትህ ያንን መልሰው» አለችኝ ባልደረባዬ። «በአይፎን ይሁን።»

እሺ፣ በአይፎን ይሁን። ጋሼን መሃል አድርገው ተደረደሩ። እኔም ዳር ላይ ልጠጋ ስል ስልኳ ወደ እኔ ተዘረጋ። «አንተ አንሳን።» ልቀበል እጄን ስዘረጋ ደግሞ መልሳ ሳበችው። «እጅህን ታጥበሃል?»

ክቡር ሆይ፣ አሳ በልቼ ነበር። ሁላችንም በልተናል። የእኔ ስልክ ከአሳው አጥንት አጠገብ ተጋድሞ ነበር፣ ምንም አላለም። ግን ተነስቼ ታጠብኩ። በሶፍትም አደረቅኩ። ጣቶቼንም አሳየኋት፣ ኬጂ ተማሪ ጥፍሩን እንደሚያሳየው። ከዚያ በኋላ ነው እርስዎን እንድይዝ የተፈቀደልኝ።

«ዝቅ በል።» ዝቅ አልኩ። «ፖርትሬት አድርገው።» አደረግኩ። «ፀሐይዋ ትግባ እንጂ!» አስገባኋት። «አሁን ደግሞ እየሳቅን።» ሳቁ። ጉልበቴ አሸዋ ውስጥ፣ እኔ 43 ፎቶ አነሳሁ። አንዱም ላይ እኔ የለሁም። «በል አንተም ግባ፣ እኔ ላንሳህ» የሚል አልተገኘም፤ ሌላ ስልክ እንዳይነኩ የማሉ ይመስል።

ቀጥሎ ኤርድሮፕ፣ አይፎን ለአይፎን ፎቶ መቀባበያው፣ መጣ። ስድስቱ ጠበል እንደሚካፈል ሰው ተጠጋጉ። ስልኮቹ ግንባር ለግንባር ተሳሳሙ። እውነቱን ልናገር፣ ያስቀናል። ዳታ አይበላም፣ ጥቅል አለቀ አይል፣ ፎቶው እንዳለ ጥርት ብሎ ይሻገራል። እኔና ጋሼ ዳር ላይ ቆመን ስናይ ነበር።

«ለእኔስ?» አልኩ።

«አንተ እኮ አንድሮይድ ነህ።»

ልብ ይበሉልኝ። ስልክህ አንድሮይድ ነው አላለችም። አንድሮይድ ነህ ነው ያለችው። እናቴ ወልዳ ያሳደገችኝ፣ ክርስትና የተነሳሁት፣ ቀበሌ መታወቂያ ያለኝ ሰውዬ፣ በአንዲት «ነህ» አንድሮይድ ሆኜ አረፍኩ። «በኋላ በቴሌግራም እልክልሃለሁ» ብላ ጨመረች፤ ለማኝን እግዜር ይስጥልኝ እንደሚሉት ዓይነት።

በሦስተኛው ቀን መጣ። ከ43ቱ ስምንት። እሱም ተጨምቆ፣ የጋሼ ጥርስና የጋሼ ጢም ተቀላቅሎ። «እባክሽ ፋይል አድርገሽ ላኪው» ብዬ ጻፍኩላት። ሁለት ራይት ሆነ። መልስ የለም። በዚያው ቀን ግን ፎቶው ግሩፑ ላይ ወጣ። ከሥሩ የተጻፈው «ቤተሰብ ሙሉ» ይላል።

ሙሉ! ከኋላቸው፣ በጋሼ ትከሻና በሒሳብ ሠራተኛው ጆሮ መሃል፣ አንድ አባ ኮዳ አንገቱን አስግጎ ገብቷል። መላጣው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ቤተሰቡ የሞላው በእሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ፎቶውን ለጋሼ ላሳያቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። አባ ኮዳው ጋ ሲደርሱ ሳቁ። ከዚያ ቀና አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ ያን ቀን አልነበርክም እንዴ?» አሉኝ።

አንተ ፖም፣ ማን ነህና ነው! አራት ዓመት ከእሳቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ። የጡረታ ፎርማቸውን በሦስት ኮፒ የሞላሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት የተሰለፍኩት፣ «ሲስተም የለም» ተብዬ የተመለስኩት፣ በማግስቱ «ይሄ ማህተም ክብ ነው፣ የሚፈለገው ሌላ ነው» ተብዬ እንደገና የሄድኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ፎርም የእናት ስም ጠየቀኝ፣ የአያት ስም ጠየቀኝ፣ የስልክ ቁጥር ጠየቀኝ። የስልክ ዓይነት የጠየቀኝ አንድም የለም። መንግሥት እንኳን ያልጠየቀኝን አንተ ትጠይቀኛለህ?

ይቅርታ። እርስዎ።

ለመሆኑ ይህ ጸብ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? አሜሪካ ነው። እዚያ ሰዉ የሚጻጻፈው በስልኩ በራሱ መልእክት መላኪያ ነው። ከአይፎን ወደ አይፎን የተላከ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወደ ሌላ ስልክ የተላከ አረንጓዴ። ልጆቹ በቀለሙ ይናናቃሉ። ቪዲዮውም ሲሻገር ይበላሽ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ጠያቂ ተነስቶ ለእናቴ ቪዲዮ መላክ አልቻልኩም ቢላቸው፣ በጊዜው የአይፎን ሠሪው የአፕል ኃላፊ ቲም ኩክ ለእናትህ አይፎን ግዛላት ብለው መለሱለት። የእኔ እናት ይርጋለም ናት። ስልኳ ባለ በተን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወጡ የሚታየው በእሱ ባትሪ ነው። እስቲ ይምጡና ለእሷ ያስረዱልኝ።

እኛ ደግሞ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ነን። ሰማያዊም አረንጓዴም አላየንም። የጸቡ ምክንያት ጉምሩክ ላይ ቀርቶ ጸቡ ብቻ ገባ።

የድሮ ቂም አለኝ፣ አላበዛውም። የቻርጀሩን ነገር ግን ሳልናገር አልቀርም። ከ2012 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. እርስዎ የራስዎ ቀጭን ቀዳዳ ነበረዎት። ካፌ ገብተን «የአይፎን ቻርጀር ያለው?» የሚለው ጥሪ ከአስተናጋጇ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ታይፕ ሲ ያለን ሰዎች እንደሌለን ነው የምንቆጠረው። ከዚያ አውሮፓውያን በሕግ አስገደዱና አይፎን 15 በታይፕ ሲ መጣ። አሁንስ? አሁን ባልደረባዬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ትመጣለች። «ያንተ ታይፕ ሲ ነው አይደል?» የቴክኖ ቻርጀሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እርስዎን ያጠባል። ለቻርጀር ሲሆን ዘመድ ነን። ለፎቶ ሲሆን አንድሮይድ ነህ።

ፖሟ እንድትታይ ተብሎ ጀርባው ክብ የተቀደደውን ከቨር ደግሞ ዝም ብዬዋለሁ።

ሳምሰንግ የያዛችሁም አትሳቁ። አይፎን በ2016 የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን ሲደፍን ሳምሰንግ በማስታወቂያ ተሳለቀ፣ በ2019 ኖት 10 በተባለው ስልኩ ላይ ራሱ ደፈነው። በጥቅምት 2020 አይፎን ቻርጀሩን ከካርቶኑ ሲያወጣም ተሳለቀ። በሦስት ወሩ ኤስ 21ን ያለ ቻርጀር አመጣ። አመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው፤ ሐሜቱ ግን እንደ እኛ ሰፈር።

አለቆቹማ ምን ቸገራቸው። የአይፎን ኤክስን ስክሪን የሠራው ሳምሰንግ ነው። አንድሮይድን የያዘው ጉግል በ2022 ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ለአፕል ከፍሏል፣ አይፎን ላይ ሰው ሲፈልግ በጉግል እንዲፈልግ። አሜሪካ ፍርድ ቤት ነው የወጣው። እነሱ ከአንድ መሶብ ይጎራረሳሉ። እኔ አሞራ ገደል ላይ እጅህን ታጥበሃል ይሉኛል።

ንጹሕ ነኝ ደግሞ አልልም። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ አይቴል ገዝቶ መጣ። «ይሄ ስልክ ነው ካልኩሌተር?» አልኩት፣ ሰው ፊት። ልጁ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። በኋላ ነው ቴክኖም፣ ኢንፊኒክስም፣ አይቴልም ትራንሽን የሚባል የሼንዘን ኩባንያ ልጆች መሆናቸውን የሰማሁት። የገዛ አክስቴን ልጅ ነው ለካ የሰደብኩት። ወንድሜን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ምሳም ጋብዣለሁ፣ እሱ ግን ሁለት አዘዘ።

ጋሼንም ያኔ ሰኞ አልተውኳቸውም። ለርክክብ መጥተው ቢሯቸው እንደተቀመጡ ቴክኖዬን አወጣሁና ተጠግቼ ሁለታችንን አነሳሁ። እጄ አጭር ነው፤ የጋሼ ግንባር በከፊል ተቆርጧል፣ ከኋላችን የሚታየው የፋይል መደርደሪያ ነው። «እስቲ» ብለው አዩት። «አሁን አለህ» አሉ። ደረሰኝ በሚያሳትሙበት ሱቅ አሳትሜ ሰጠኋቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ሐምሌ ላይ ለገብርኤል ንግሥ እንግዳ ይመጣል፣ ሐይቅ ዳር መውጣታችን አይቀርም። ያኔ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቢጠፋ እኔን አይጥሩኝ። እጄ አሳ ነክቷል። ቻርጀሬንም ነገ ይመልሱልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድሮይድ የሆንኩት

ግልባጭ፦
ለሳምሰንግ ባለቤቶች፣ እንዲያውቁት
ለወንድሜ
ለአባ ኮዳ፣ አሞራ ገደል፤ ለአንተ በኤርድሮፕ ከደረሰህ በቴሌግራም ላክልኝ። ፋይል አድርገህ።