ማስተካከያ፦ የተማሪዎች ዕዳ ስረዛ የመሠረተ ልማቱ ሕግ አካል አልነበረም

ስለ አሜሪካ የመንግሥት ወጪ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የተማሪዎች ብድር ስረዛ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ውስጥ ተካትቶ በኮንግረሱ እንደጸደቀ ገልጸን ነበር። ይህ ስህተት ነው። 1.2 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ የተመደበበት ሕግ ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለውኃ መስመርና ለኢንተርኔት ነው፤ በሴኔቱ 69 ለ30 ሲያልፍ 19 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል።

የዕዳ ስረዛው ግን በነሐሴ 2022 ከፕሬዚዳንት ባይደን አስተዳደር የመጣ ውሳኔ ነው፤ እስከ 10,000፣ ፔል የተባለውን ድጎማ ላገኙ ደግሞ እስከ 20,000 ዶላር ሊሰርዝ ታቅዶ ነበር። ኮንግረሱ አላጸደቀውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023፣ አስተዳደሩ ይህን የሚፈቅድ የሕግ ሥልጣን የለውም በማለት 6 ለ3 ሽሮታል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ የክርክሩ እምብርት ገንዘቡን የሚፈቅደው ማነው የሚለው ነበርና። ጽሑፋችንን አንብበው ዕዳቸው የተሰረዘ ለመሰላቸው ተበዳሪዎች ሁሉ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።